የውኃ አዮናይዘር ለቤታችን ያስፈልጋልን?

ንጹሕ ውኃ የጤና መሠረት መሆኑን የማያውቅ አንባቢ የለም። በዚህ ዘመን ግን አንዳንድ ሰው ስለ ውኃ ሲያስብ ከንጽሕናው ይልቅ ዐይኑን ስሙ በገነነ መሣሪያ ላይ መጣል ጀምሯል፤ ይኸውም የውኃ አዮናይዘር የሚባለው ነው። ዋጋው ከብዙ ሠራተኛ የወር ደመወዝ እጅግ የሚበልጥ ስለ ሆነ፥ ገንዘብ ከመክፈል አስቀድሞ ሥራውን መመርመር ይገባል።

የመሣሪያው ጥበብ አዲስ አይደለም። ውኃን በኤሌክትሪክ ኀይል መለያየት እንደሚቻል ኒኮልሰንና ካርላይል የተባሉ ሁለት እንግሊዛውያን እ.ኤ.አ. በ1800 አሳይተዋል። በአዮናይዘሩ ውስጥ ፕላቲኒየም የተቀቡ የቲታኒየም ሰሌዳዎች አሉ፤ በመካከላቸውም ስስ መለያ ይገኛል። ኤሌክትሪክ ሲያልፍባቸው በአንደኛው ሰሌዳ በኩል ሃይድሮጅን ይወጣና ውኃው አልካሊ ይሆናል፤ በሌላው በኩል ኦክስጅን ይወጣና ውኃው ወደ አሲድነት ያዘነብላል። ለመጠጥ የሚቀዳው አልካሊው ነው።

አንዳንድ ነጋዴዎች ይህ ውኃ የደምን አሲድ ያጠፋል፥ ደዌንም ሁሉ ይፈውሳል ይላሉ። ይህ አባባል ከሰውነታችን አሠራር ጋር አይስማማም። የጤናማ ሰው ደም ፒኤች ከ7.35 እስከ 7.45 ነው፤ ይህንንም የሚጠብቁት ሳንባና ኩላሊት ናቸው እንጂ የምንጠጣው ውኃ አይደለም። ደግሞም የተጠጣው ውኃ አስቀድሞ የሚደርሰው አሲድ ወዳለበት ጨጓራ ነው። እውነቱን ለመናገር፥ በጃፓን አገር መሣሪያው ለአንዳንድ የሆድ ሕመም ምልክቶች ማስታገሻ እንዲሆን መንግሥት ፈቅዷል፤ ነገር ግን ፈቃዱ ለሆድ ነው እንጂ ለስኳር በሽታ ወይም ለካንሰር አይደለም።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበን ግን ሌላ ነው። አዮናይዘር የሚሠራው አስቀድሞ ለመጠጥ የሚሆን ውኃ ሲገባበት ነው፤ የታይፎይድንና የተቅማጥን ተሕዋስያን ያጠፋል ተብሎ አይታመንበትም። እንዲያውም በውስጡ ያለው የከሰል ማጣሪያ በቧንቧ የመጣውን ክሎሪን ስለሚያስቀር፥ ውኃው በእንስራ ወይም በጀሪካን ሲቀመጥ ጠባቂ ያጣል። በስምጥ ሸለቆ ደግሞ በብዙ ስፍራ የጕድጓድ ውኃ ፍሎራይድ የዓለም የጤና ድርጅት ከወሰነው በሊትር 1.5 ሚሊግራም ይበልጣል፤ ይህም የልጆችን ጥርስ ያበልዛል፥ ሲበዛም አጥንትን ይጎዳል። ፍሎራይድን ማፍላት አያስወግደውም፤ የሚበጀው እንደ አጥንት ከሰል ያለ ማጣሪያ ወይም ሌላ የተመረመረ ምንጭ ነው።

ይህን ሁሉ ሰምቶ መሣሪያውን ለመግዛት የቈረጠ ሰው እንዲህ ብሎ ይጠይቅ። የቤቴ ውኃ ተመርምሯልን? ማጣሪያው ሲያረጅ መለዋወጫው በአገር ውስጥ ይገኛልን? በሰሌዳው ላይ የሚጋገረው ኖራ በምን ይጸዳል? መብራት ሲጠፋ ምን ይሆናል? በቤቱ የኩላሊት ሕመምተኛ ካለ ደግሞ ሐኪም ሳያማክር አያጠጣው።

የእኛ አስተያየት ግን ግልጽ ነው። የሚያጠራጥር ውኃን እስኪንተከተክ ማፍላት፥ ወይም በመመሪያው መሠረት ክሎሪን መጨመር፥ ከዚያም ክዳን ባለው ንጹሕ ዕቃ ማስቀመጥ፥ እጅ ሳይነካውም መቅዳት ሕፃናትን ከተቅማጥ ያድናል። ይህን ትቶ በብድር አዮናይዘር መግዛት ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው። መምህራን ሆይ፥ ጎረቤት ስለ መሣሪያው ሲጠይቃችሁ፥ አስቀድማችሁ እንስራው ክዳን እንዳለው ጠይቁት።