ግጭ ካምፕ አለ፤ ግጭ ግን የለም

ሰሜን ተራሮችን ከሳንቃበር ተነሥቶ በእግሩ ያቋረጠ ሁሉ ግጭ ካምፕን ያውቀዋል። ድንኳን ይተከላል፤ ምግብ አብሳዩ እሳት ያነዳል፤ ስካውቱ ጠመንጃውን ጭኑ ላይ አጋድሞ ብርድ ልብሱን ይከናነባል። በማግስቱ ጎብኚው እሜት ጎጎ አፋፍ ላይ ወጥቶ ገደሉን እያየ ይደነቃል። ካምፑ ስሙን የወሰደው አጠገቡ ከነበረው መንደር ነው። መንደሩ ዛሬ የለም። እ.ኤ.አ. በ2016 ከ400 በላይ አባወራዎች ቤታቸውንና የገብስ ማሳቸውን ትተው ደባርቅ ዳርቻ ላይ እንዲሰፍሩ ተደረገ። በዓመቱ ዩኔስኮ የሰሜን ተራሮች ፓርክን ከ1996 ጀምሮ ከቆየበት «አደጋ ላይ ያሉ ቅርሶች» መዝገብ ሰረዘው። ተጨበጨበ። ስኬት ተባለ። እኔ ግን ከዚያ ጭብጨባ ወዲህ «ዘላቂ ቱሪዝም» ሲሉኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ማን ተነሣ ብዬ ነው።

«በፈቃዳቸው ነው፤ ካሳም ተከፍሏቸዋል» ይሉኛል። ፈረንሳዊው የታሪክ ተመራማሪ ጊዮም ብላን በ2020 ባሳተመው መጽሐፍ የግጭን ጉዳይ መነሻ አድርጎ፣ የአፍሪካ ፓርኮች አሠራር ከቅኝ ግዛት ዘመን የተወረሰ አስተሳሰብ እንደሚጫነው ሞግቷል። ከእርሱ ጋር በሁሉም ነገር አልስማማም፤ የዚህ አገር ባለሥልጣን ሰውን ከቀዬው ለማንሣት ፈረንጅ እስኪያስተምረው ሲጠብቅ አላየሁም። ቢሆንም አንድ ጥያቄ አለችኝ። እምቢ ያለ ገበሬ እዚያው ተቀምጦ ገብሱን መዝራት ይችል ነበር ወይ? ካልቻለ ስለ ፈቃድ አናውራ።

ለመነሣታቸው ምክንያት የተደረገው የግጦሹ ጉዳይ እውነት ነው፤ አልክድም። ከብቱ በዝቶ ነበር፤ ሣሩ እስከ ሥሩ ተግጧል። ዋልያም ከእነዚያ ተራሮች ሌላ በዓለም ላይ አገር የለውም። ታዲያ ገበሬው ከወጣ በኋላ ዋልያው በዛ? ባለፉት ዓመታት የምንሰማው የመመናመን ወሬ ነው፤ በአካባቢው ጦርነት መጣ፤ ሕገ ወጥ አደኑ ተባባሰ። ተኳሹን መያዝ ሲያቅት ገብስ ዘሪውን ማንሣት፣ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይኸው ነው። ደግሞስ የእረኛው ልጅ እግር ዋልያውን የሚረብሽ ከሆነ፣ በጭነት በቅሎ የታጀበው የእኔና የመሰሎቼ እግር በምን ተአምር አይረብሸውም? አራሹ የሄደው ለተፈጥሮ ሲባል ከሆነ ካምፑም አብሮ መነሣት ነበረበት።

ይህ የእኛ ብቻ ገመና አይደለም። ታንዛንያን ተመልከቱ። ማሳዮች በ1959 ከሴሬንጌቲ ሜዳ ሲወጡ፣ ጎረቤቱ ንጎሮንጎሮ ከዱር እንስሳቱ ጋር ከብቶቻቸውን እያሰማሩ የሚኖሩበት መሬት እንደሚሆን ቃል ተገብቶላቸው ነበር። ዛሬ የልጅ ልጆቻቸውን ከንጎሮንጎሮ ወደ ምሶሜራ፣ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት፣ ጠቅልላችሁ ሂዱ እያሏቸው ነው። በሰኔ 2022 እዚያው አቅራቢያ ሎሊዮንዶ ላይ 1,500 ካሬ ኪሎ ሜትር የግጦሽ መሬት ለመከለል የድንበር ችካል ሲተከል ፖሊስ ተኮሰ፤ ብዙዎች ቆሰሉ፤ አንድ ፖሊስም ተገደለ፤ በሺህ የሚቆጠሩት ድንበር ተሻግረው ኬንያ ገቡ። በዚያው አካባቢ ለአሥርት ዓመታት የአደን ፈቃድ ይዞ የኖረው ከተባበሩት አረብ ኤምሬቶች ጋር የተሣሠረ ኩባንያ ነው። ላሟን ያሰማራ ማሳይ የተፈጥሮ ጠላት ተባለ፤ ከዱባይ በአውሮፕላን መጥቶ የሚተኩሰው ሰው እንግዳ ተባለ። በነሐሴ 2024 የንጎሮንጎሮ ማሳዮች ቀይ ሸማቸውን ለብሰው የቱሪስት መኪኖች የሚያልፉበትን መንገድ ዘጉት። ጥሩ አደረጉ። ሰሚ የሚገኘው የሳፋሪው መኪና ሲቆም ብቻ ከሆነ፣ መኪናው ይቁም።

የዚህ ሁሉ ሥር አንድ ፎቶግራፍ ይመስለኛል። ሰው የሌለበት አፍሪካ፤ ዝሆን፣ ዛፍና የምትጠልቅ ፀሐይ ብቻ። ፎቶው ያምር ዘንድ ከፍሬሙ የሚወጣው ሁልጊዜ ጥቁር እረኛ ነው። እኛም ተቀብለነው የራሳችንን ብሮሹር በእሱ አሳተምን።

መንዝ ጓሳ ላይ ግን ሌላ ታሪክ አለ፤ ለምን በየመድረኩ እንደማይነገር አይገባኝም። ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ከፍታ በላይ የተንጣለለውን የጓሳ ሣር የአካባቢው ገበሬዎች ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በሚባል ሥርዓት ራሳቸው ሲጠብቁት ኖረዋል። ሣሩ ለተከታታይ ዓመታት ይዘጋል፤ ሲበቃ ተመክሮበት ይከፈታል፤ ለቤት ክዳን፣ ለገመድና ለጌሳ የሚሆነው ይታጨዳል፤ ከዚያ እንደገና ይዘጋል። የሰረቀ ይቀጣል። የ1975ቱ የመሬት አዋጅ ያንን ሥርዓት አፈረሰው፤ ሕዝቡ ግን በኮሚቴ ተደራጅቶ መልሶ ያዘው። ዛሬም ቀይ ቀበሮውና ጭላዳው አሉ፤ ማኅበረሰቡ የራሱን ሎጅ ሠርቶ እንግዳ ይቀበላል። ማንም አልተነሣም። ልብ በሉ፣ እነዚህ ገበሬዎች ፎቅ ላይ የተጻፈ የጥበቃ ሰነድ አላነበቡም። የነበራቸው አንድ ነገር ነው፤ የመዝጋትና የመክፈት ሥልጣን።

ጠቡም ያለው እዚህ ላይ ነው። ስለ ኃላፊነት የሚሰማው ቱሪዝም የሚያወሩ ሰዎች ገንዘብ ማካፈል ይወዳሉ፤ ሥልጣን ማካፈል አይወዱም። ሩዋንዳ በ2017 የጎሪላ መጎብኛ ፈቃድ ዋጋን 1,500 ዶላር አደረገች፤ ከፓርኮቹ የቱሪዝም ገቢ ለአካባቢው ሕዝብ የሚሰጠውንም ከ5 ወደ 10 በመቶ አሳደገች። ትምህርት ቤት ተሠራበት፤ ጎሪላውም በዛ፤ በዚህ አልቀልድም። ይሁንና ተጎራባቹ ገበሬ ከአሥር አንድ ተቀባይ ነው፤ ስለ ቀሪው ዘጠኝ እጅ የሚጠይቀው የለም። ናሚቢያ በ1996 ሕግ አውጥታ ከዚህ ርቃ ሄዳለች፦ መንደሮች ክልላቸውን ራሳቸው አስመዝግበው፣ ኮሚቴያቸውን መርጠው፣ ከሎጅ ባለሀብት ጋር ውል የሚዋዋሉት እነርሱ ናቸው። እዚያም ኮሚቴ ሊበላ ይችላል፤ ድርቅ ሲመጣና ጎብኚ ሲጠፋ ሣጥኑ ባዶ ይሆናል። ቢሆንም የበላውን መርጠው ያስቀመጡት እነርሱ ናቸውና መልሰው ማውረድ ይችላሉ። አዲስ አበባ ተቀምጦ የሚበላውን ማን ያወርደዋል?

የመግቢያ ክፍያው ክርክር በዚህ ረገድ ብዙም አይማርከኝም። ቬኒስ በ2024 በተመረጡ ቀናት ለቀን ጎብኚ 5 ዩሮ ማስከፈል ጀመረች፤ ቡታን በ2023 የአዳር ክፍያዋን 100 ዶላር አደረገች። መክፈያ በር ማቆም ማንም ያውቅበታል። አሮጌዋ ቬኒስ ውስጥ የቀረው ነዋሪ ከ50 ሺህ በታች ነው፤ 5 ዩሮው አንዱንም ወደ ቤቱ አልመለሰም።

ወደ ደቡብ ኦሞ ልውረድ። «ሙርሲዎች በገንዘብ ተበላሹ፤ ለአንድ ፎቶ ብር ይጠይቃሉ» የሚል ወቀሳ ከአዲስ አበባ አስጎብኚዎች አፍ አይጠፋም። ከጂንካ ማልዶ የተነሣ መኪና ማጎ ፓርክን አቋርጦ ይደርሳል፤ ከንፈሯ ላይ ሸክላ ያደረገች ሴት ትቆማለች፤ ካሜራው ይጮሃል፤ መኪናው ይመለሳል። አስቀያሚ ነው፤ ሰውን እንደ እንስሳ የሚያሳይ ንግድ ነው። ግን በዚያ ጉዞ ከተቀባዮች ሁሉ ትንሿን የምትቀበለው፣ መልኳ የሚሸጠው ሴት ናት። አስጎብኚው በዶላር፣ ሎጁ በዶላር፤ እሷ በብር፣ ያውም እየተሰደበች። በእኔ ዓይን እሷ እጅ በእጅ የምትቀበላት ብር ከጉዞው ሁሉ ቀጥተኛዋ ክፍያ ናት። የሚያሳፍር ካለ የእኛ ውል ነው።

በዚህ ርእስ የተጠራ ዐውደ ጥናት ላይ ተቀምጬ አውቃለሁ፤ ትልቅ ሆቴል ውስጥ፣ የፕላስቲክ ውኃ በየወንበሩ፣ አበል በፖስታ። ስላይዱ ላይ የመንደር ሰዎች ፎቶ ነበር፤ አዳራሹ ውስጥ አንድም የመንደር ሰው አልነበረም። በ2002 የኬፕታውኑ ጉባኤ ኃላፊነት ስለሚሰማው ቱሪዝም ባወጣው መግለጫ ቅድሚያ የሰጠው ለነዋሪው ኑሮ ነበር፤ ጎብኚው ቀጥሎ ነው የመጣው። ከዚያ ወዲህ ወረፋው የተገለበጠ ይመስላል። ፎጣዎን ደጋግመው ይጠቀሙ የምትለው ካርድ በየሆቴሉ መታጠቢያ ቤት ተሰቅላለች፤ የአልጋ አንጣፊዋን ደሞዝ የሚነግር ካርድ ግን አይቼ አላውቅም።

ለገናና ለጥምቀት ከዋሽንግተን፣ ከቴል አቪቭ፣ ከስቶክሆልም የምትመጡ ወገኖቼ፣ እናንተን ፈረንጅ ብሎ የሚያልፋችሁ የለም፤ ቋንቋውን ታውቃላችሁ። ሰላም ሆኖ መንገዱ በተከፈተ ጊዜ፣ ላሊበላም ሰሜንም ጓሳም ስትሄዱ አስጎብኚ ድርጅቱን በአማርኛ ጠይቁት። ባለበቅሎው በቀን ስንት ነው የሚደርሰው? ሎጁ የማን ነው? መሬቱ ላይ ከዚያ በፊት ማን ነበር፣ አሁንስ የት ነው? ጓሳ የገበሬዎቹ ሎጅ እያለ ለምን ሌላ ቦታ ታሳድረናለህ? ደረሰኙን በመስመር በመስመር አስዘርዝሩት። ከተቆጣ ወይም «የአካባቢውን ማኅበረሰብ እንደግፋለን» ብሎ በደፈናው ካለፈ፣ ቀብዱን አትክፈሉ፤ ሌላ ድርጅት ፈልጉ።