አዳራሽ ይቅደም ወይስ ድርሰት?

በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ አዲስ ድርሰት ብቻ የሚያሳይ አንድ ትንሽ የቴአትር ጓድ ይቋቋም የሚል አሳብ በተነሣ ቁጥር የሚሰማው መልስ አንድ ነው፤ ይኸውም «መጀመሪያ አዳራሽ ይሠራ» የሚል ነው። ይህ መልስ ብልህነት ይመስላል፤ ነገር ግን የስንፍና መሸሸጊያ መሆኑን ለአንባቢያን ለማስረዳት እወዳለሁ።

በአማርኛ የመጀመሪያው ነው የሚባለውን ቴአትር፣ «ፋቡላ፡ የአውሬዎች ኮሜዲያ»ን፣ በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የደረሱት ከመቶ ዓመት በፊት ነው። የታየውም በሆቴል ነበር። ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የምንለው ታላቅ አዳራሽ ግን የተከፈተው በ1948 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ ድርሰቱ አዳራሹን ከ30 ዓመት በላይ ቀድሞታል። ድርሰት ሳይኖር አዳራሽ መመኘት ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው።

ሌሎች ደግሞ «አዲስ ድርሰት ማን ይጽፋል? ቢጻፍስ ማን ያየዋል? የታወቀውን ብንደግም ይሻላል» ይላሉ። ለእነዚህ መልሱ በቡራዩ በኩል የሚያልፈው መንገድ መጨረሻ ላይ ሳይሆን እመንገዱ ላይ፣ በአምቦ ይገኛል። ጸጋዬ ገብረ መድኅን የመጀመሪያ ቴአትሩን በአምቦ የጻፈው ገና የትምህርት ቤት ልጅ ሳለ ነው። ያን ጊዜ «ጀማሪ ነህና የሌላውን አጥና» ተብሎ መድረክ ቢነፈግ ኖሮ «ጴጥሮስ ያችን ሰዓት»ን ማን ይሰጠን ነበር?

ጎረቤታችንንም እንመልከት። በ1970 ዓ.ም. ከናይሮቢ ብዙ በማይርቀው በሊሙሩ፣ ካሚሪቱ በሚባል መንደር፣ ገበሬውና ሠራተኛው መድረኩን በገዛ እጁ ሠርቶ በኪኩዩ ቋንቋ የተደረሰ አዲስ ቴአትር አሳየ። መንግሥት ከጥቂት ሳምንት በኋላ ከለከለው፤ ከሁለቱ ደራሲዎች አንዱን፣ ንጉጊ ዋ ቲዮንጎንም፣ አሠረ። ዛሬ የሚታወሰው ግን ክልከላው ሳይሆን ቴአትሩ ነው። ሹማምንት ይህን ልብ ሊሉት ይገባል።

የገፈርሳ ውኃ ከቡራዩ በኩል ወደ አዲስ አበባ ይወርዳል፤ ቴአትሩ ግን ወደ ቡራዩ አይወጣም። የሰበታ የፋብሪካ ሠራተኛ ቴአትር ለማየት ከተማ ገብቶ በምሽት ታክሲ ሲፈልግ ይቆማል። ሦስቱ ከተሞች ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለዋል፤ ስማቸውና አስተዳደራቸው ሲለወጥ የነዋሪው ኑሮም ተለውጧል። እርሻው ቤት የተሠራበት ገበሬ፣ ሩጫ ሊለማመድ ሱሉልታ የገባ ወጣት፣ ኪራይ ፈልጎ ከአዲስ አበባ የወጣ ጸሐፊ፣ እነዚህ ሁሉ ታሪካቸውን የሚደርስላቸው ይሻሉ። ይህን ከሌላ አገር የተተረጎመ ድርሰት አይነግራቸውም።

የሚያስፈልገውስ ምንድር ነው? ስድስት ወይም ሰባት ተዋንያን፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ የሚከፈት አንድ የትምህርት ቤት ክፍል፣ በአማርኛና በኦሮምኛ የሚጽፉ ጥቂት ደራሲዎች ናቸው። መምህራን የክፍሉን ቁልፍ ይስጡ፤ ተማሪዎች ይጻፉ፤ እኛ የመንግሥት ሠራተኞችም ማመልከቻውን ከመሳቢያ አውጥተን እንፈርም። የመጀመሪያው ድርሰት ደካማ ቢሆን እንኳ ሁለተኛው ከእርሱ ይማራል፤ ያልተጀመረ ግን ከምንም አይማርም።