የቁራው ነጭ ማጅራት

ከቢሮ ወረቀትና ከደብተር ዓይኑን ሊያሳርፍ ለሚፈልግ ወጣት የጣውላ ሥዕልን የመሰለ የእሑድ ሥራ የለም ብል ያጋነንሁ አይመስለኝም። ሥራው መልካቸው ልዩ ልዩ የሆነ ጣውላዎችን፥ እንደ ስፌት መኪና መርፌ ወደ ላይና ወደ ታች በሚመላለስ ቀጭን መጋዝ እየቆረጡ፥ ጠርዛቸውንም እያለሰለሱ በኮምፔንሳቶ ላይ ጎን ለጎን ማጣበቅ ነው። ፈረንጆች ኢንታርሲያ ይሉታል። ዋናው ሕጉ አንድ ነው፤ ቀለሙ ከእንጨቱ ከራሱ እንጂ ከብሩሽ አይመጣም።

ክርክሩም የሚነሣው ከዚሁ ሕግ ነው። ዱፖንት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1967 እ.ኤ.አ. ኮሪያን የሚባል ሰው ሠራሽ ድንጋይ አወጣ። ሲሶው ያህል አክሪሊክ የተባለው ፕላስቲክ፥ የቀረው ከቦክሳይት የሚገኝ የአሉሚኒየም ውሑድ ዱቄት ነው። ዛሬ ሌሎች ኩባንያዎችም ይህን መሳዩን እየሠሩ ለወጥ ቤት ጠረጴዛ ያቀርባሉ፤ ለዕቃ ማጠቢያው ገንዳ ቦታ ሲከፈት ተቆርጦ የሚወድቀው ቍራጭ ለጣውላ ሠዓሊ ትልቅ ሀብት ነው። ጥንቁቆቹ ግን «ፕላስቲክ ከእንጨት ጋራ ምን ዝምድና አለው?» እያሉ ይነቅፋሉ።

እኔም ከነቃፊዎቹ ወገን ነበርሁ። ሐሳቤን ያስለወጠኝ አንድ ቁራ ነው። የደጋው ቁራችን መላ አካሉ ጥቁር ሆኖ ሳለ በማጅራቱ ላይ ነጭ ምልክት እንዳለው አንባቢ ያውቃል። ለአካሉ ዞጲ አገኘሁለት። ለማጅራቱ ግን ዝግባው ቢጫ፥ ወይራው ቡናማ፥ ዋንዛው ቀላ ያለ ሆነብኝ። ቢቸግረኝ ዝግባውን ነጭ ቀለም ቀባሁት፤ ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት ስፈገፍገው ቀለሙ ተገፎ እንጨቱ ገጦ ወጣ። ሰው ሠራሹ ድንጋይ ቢሞርዱትም ቢፈገፍጉት እስከ ውስጡ ነጭ ነው። እንግዲህ ሕጉን ያፈረሰው የትኛው ነው?

የጥንቶቹ የጣልያን ባለሙያዎችም ቢሆኑ በእጃቸው ባለው አልተወሰኑም። በ15ኛው መቶ ዓመት በኡርቢኖና በጉቢዮ ለመስፍኑ ለፌዴሪኮ ዳ ሞንተፌልትሮ የተሠሩት የጥናት ክፍሎች እስከ ዛሬ ይደነቃሉ፤ የጉቢዮው አሁን በኒው ዮርክ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ይገኛል። በዚያ ዘመን አረንጓዴ ያጣ ባለሙያ ፈንገስ በልቶ ያረንጓደውን እንጨት ፈልጎ ያስገባ ነበር። የበሰበሰ እንጨት ካልተነቀፈ ንጹሑ ቍራጭ ስለ ምን ይነቀፋል?

ይሁን እንጂ ሥዕሉን በሙሉ በዚህ ነገር የሚሠሩትን አልደግፍም። የላባን አቅጣጫ፥ የተራራን ቍልቍለት የሚያሳየው የእንጨት ጅማት ነው፤ ይህ ደግሞ ጅማት የለውም። ለዓይን፥ ለመንቈር ጫፍ፥ እንጨት ለማይሰጠው ትንሽ ምልክት ይዋል።

ለመሥራት የሚነሣ ሰው መጋዙን ቀስ አድርጎ ያስኪደው፤ ከፈጠነ ፕላስቲኩ በሙቀት ቀልጦ የተቆረጠው መልሶ ይያያዛል። የአናጢ ነጭ ኮላም በደንብ ስለማይዘው ኤፖክሲ ያዘጋጅ። ከሁሉ የሚብሰው ብናኙ ነው። ይህን ድንጋይ ሲቆርጥና ሲፈገፍግ የኖረ አንድ ሠራተኛ በሳንባ ሕመም መሞቱን ሐኪሞች በ2014 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የሕክምና መጽሔት ላይ ገልጸዋል። እኔ የምሠራው በረንዳ ላይ፥ የአቧራ ጭምብል አድርጌ ነው፤ ነጠላ መከናነብ አይበቃም። ጎረቤቶቼ ይሥቁብኛል፤ ቁራውን ግን ሁለቱ ተሠርቶልን ብለው ጠይቀዋል።