ለኦፕሬሽኑ አዋጣን፤ ለኪኒኑስ?

"ልቡን ታሟል፣ ውጭ ሄዶ መታከም አለበት፣ ወገን ድረሱለት!" ከሥሩ የባንክ ሒሳብ ቁጥር አለ። እኔም ስንቱን ሼር አድርጌያለሁ። ገንዘቡ ሞላ፣ ሄደ፣ ስቴንት ገባለት፣ ተመለሰ፣ እልል አልን። ከዚያ በኋላ የጠየቀው የለም።

የሰፈሬ ሰው እንዲሁ በመዋጮ ታክሞ መጣ። በአራተኛው ወር ኪኒኑ አለቀበት። ደረቱን አያመውም፤ ደረጃውን ያለ ድካም ይወጣል። "ድኛለሁ እኮ" ብሎ ተወው። ሳይቆይ በሌሊት ተሸክመነው ሮጥን።

ወገኖቼ፣ ስቴንት የጠበበውን የልብ ደም ቧንቧ ከፍቶ የሚይዝ የብረት መረብ ነው። ሲገባ ቧንቧውን ከውስጥ ያቆስለዋል። ደም ደግሞ ቁስል ወይም ባዕድ ብረት ሲነካ ይረጋል። ጣታችን ሲቆረጥ የሚያተርፈን ይኸው ነው፤ በልብ ቧንቧ ውስጥ ግን ይገድላል። የቧንቧው ስስ የውስጥ ሽፋን አድጎ ብረቱን እስኪያለብሰው ወራት ይፈጃል። ዛሬ በብዛት የሚገባው መድኃኒት የተቀባ ስቴንት ነው። መድኃኒቱ ቧንቧው ዳግም እንዳይጠብ ይረዳል፤ የሽፋኑን መዳን ግን ያዘገያል።

አስፕሪንና ክሎፒዶግሬል አብረው የሚታዘዙት ለዚህ ነው። ሀርት አታክ ይዞት ስቴንት ለገባለት ሰው የተለመደው መነሻ 12 ወር ነው፤ ከዚያም ብዙውን ጊዜ አንዱ ይቀጥላል። ኪኒኖቹ የመድማት አደጋ አላቸው፤ ስለዚህ ማሳጠሩም ማስረዘሙም የሐኪም ውሳኔ ነው። የጎረቤት ምክር ወይም የባዶ ኪስ ውሳኔ መሆን የለበትም።

"በሽተኛው ራሱ መጠንቀቅ ነበረበት" የሚል አይጠፋም። በምን አውቆ? ከሆስፒታል ሲወጣ የተሰጠው ወረቀት በእንግሊዝኛ ነው። "ይህን ኪኒን ሐኪምህ ሳያዝህ እንዳታቋርጥ" ብሎ በሚገባው ቋንቋ አንድ መስመር መጻፍ ስንት ብር ይፈጃል?

እኛስ? ለአውሮፕላን ትኬት አዋጥተን ለኪኒን መግዣ ዝም ካልን፣ ላሟን ገዝተን ገመዱን መንፈጋችን ነው። ከእንግዲህ እኔ ሼር የማደርገው ጥሪ የዓመቱን የመድኃኒት ወጪ አብሮ ያሰላ ብቻ ነው። አስተባባሪዎችም ገንዘቡ ሲሞላ ሒሳቡን አትዝጉት።

ቆዳው ላይ ያለው ቁስል በሳምንት ይድናል። የውስጡን አናየውም። ስላላየነው ግን የዳነ አይምሰለን።