የናታን በግ

መንፈሳዊ ጽሑፍ ሲሰለቸኝ ወደ 2ኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 12 እመለሳለሁ። ነቢዩ ናታን ቤተ መንግሥት የገባው የሰው ሚስት ወስዶ ባሏን ያስገደለውን ዳዊትን ሊገሥጽ ነው። «ኃጢአት ከባድ ነው» ብሎ ቢጀምር ኖሮ ንጉሡ ራሱን ነቅንቆ ባሰናበተው። እሱ ግን የአንድ ድኻ ወሬ ይዞ መጣ፦ ከልጆቹ ጋር ያደገች፣ ከጉርሻው የምትቀምስ፣ ከዋንጫው የምትጠጣ፣ ጉያው ውስጥ የምትተኛ አንዲት በግ ነበረችው፤ አንድ ባለጠጋ ነጥቆ ለእንግዳው አረዳት። ዳዊት ቱግ አለ፤ ሳያውቀው በገዛ ራሱ ላይ ፈረደ። ሥራውን የሠራችው ዋንጫዋ ናት ባይ ነኝ። ከጌታዋ ዋንጫ የምትጠጣ በግ እንዴት ትረሳለች? የዛሬዎቹ ጸሐፊዎች (ራሴንም ጨምሬ) ግን «ጥልቅ»፣ «ድንቅ»፣ «የማይነገር» እያልን ቅጽል እንደረድራለን፤ አንባቢው አሜን ይላል እንጂ የሚታየው ነገር የለም። ምሳሌ የሚያበዙትም ብዙ አይሻሉም፤ አንድ አንቀጽ ውስጥ መርከቡ፣ ንስሩ፣ እሳቱና የስንዴው ዘር ይግተለተላሉ። ናታን ይዞ የሄደው አንዲት በግ ብቻ ነው። ስትታረድ እንዴት እንደጮኸች እንኳ አልተናገረም።