ቃልና ትርጉሙ፦ ፋሻ

የዛሬው ቃላችን ፋሻ ነው። ሁለት ፊደል ብቻ ነው፤ ፋ እና ሻ። ሁለቱም አራተኛ ፊደል ናቸው። ፋ ከፈ ቤት፣ ሻ ከሸ ቤት ነው።

ቃሉ ከጣልያንኛ የመጣ ነው፤ መኪና የሚለውም እንደዚያው። ትርጉሙ ጠባብና ረጅም የመጠቅለያ ጨርቅ ማለት ነው። ቃሉ ሳይመጣ በፊትም ቁስል በእራፊ ጨርቅ ይታሰር ነበር።

ብዙዎቻችን ቁስል ላይ የሚደረገውን ሁሉ ፋሻ እንላለን። ግን እኮ ሁለት ነገር ነው። ቁስሉን የሚነካው ስስ ጨርቅ ጎዝ ይባላል። ፋሻው ከላዩ ይጠመጠማል፤ ሥራው ጎዙን መያዝ ነው። ይህን መለየት ለምን አስፈለገ? ፋሻው ነጭ ሲሆን ቁስሉም ንጹሕ ይመስለናል። ከሥሩ አፈር ወይም እበት ካለ ታዲያ ፋሻው ምን ይረዳል?

በአፈርና በእበት ውስጥ በዓይን የማይታይ ተሐዋሲ አለ። በቁስል ከገባ መንጋጋ ቆልፍ የሚባለውን በሽታ ያመጣል። ይህ በሽታ ሰው ይገድላል። ደም ያቆማል ብሎ የተወቀጠ ቡና የሚነሰንስም አለ። እኛ ይቅር እንላለን። ደም የሚያቆመው ቁስሉን በንጹሕ ጨርቅ ጫን አድርጎ መያዝ ነው።

ማጭድ ጣታችንን ቢቆርጠን መጀመሪያ ደሙን እናቁም። ከዚያ እጃችንን በሳሙና ታጥበን ቁስሉን በንጹሕ ውሃ እንጠበው። ጎዝ ከሌለ ቀቅለን ያደረቅነው የነጠላ ቁራጭ ይሆናል። ጥጥ ግን ቁስሉ ላይ አይደረግ፤ ክሩ ይጣበቃል። ከላይ ፋሻውን እንጠምጥም። ጣት ከቀዘቀዘ ወይም ከደነዘዘ ፋሻው ጠብቋልና እናላላው። ከረጠበ ወይም ከቆሸሸ እንለውጠው። ጎዙ ተጣብቆ እንቢ ካለ በጉልበት አንሳበው፤ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ እናርሰው፤ ራሱ ይለቃል።

ቁስሉ ጥልቅ ከሆነ ወይም አፈር ከነካው በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ እንሂድ። እዚያ «የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት መቼ ተከተቡ?» ተብለን እንጠየቃለን። የክትባት ካርድ ያለን ይዘን እንሂድ። ቀኑ ተጽፎበታል፤ አሁን ራሳችን እናነበዋለን።