የጉበት ክትባት የፈለገን ሰው «ለምን ፈለግከው?» አትበሉት

የዛሬው ጽሑፍ አንዳንዶቻችሁን እንደሚያስቆጣ አውቃለሁ። ብትቆጡም አንብቡት።

ሄፓታይተስ ቢ ጉበትን የሚያጠቃ ቫይረስ ነው። ዓይን ቢጫ ሲሆን «የወፍ በሽታ» ብለን በሌሊት ወፍ እናሳብባለን እንጂ የሚተላለፈው በደም፣ በግብረ ሥጋ ግንኙነት እና ከእናት ወደ ልጅ ነው። አብሮ በመብላት አይተላለፍም። በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣ የጥናቶች ትንተና እንዳሳየው በአገራችን ከመቶ ሰው ሰባት ያህሉ ቫይረሱ አለበት።

ከወንድ ጋር ግንኙነት የሚያደርጉ ወንዶች የበለጠ ተጋላጭ ናቸው፤ የዓለም ጤና ድርጅትም እንዲከተቡ ይመክራል። አሁን ሰበታን፣ ቡራዩን ወይም ሱሉልታን አስቡ። ካርድ የምታወጣው ልጅ የጎረቤት ልጅ ናት፣ ላብራቶሪ ያለው ልጅ ከወንድምህ ጋር ኳስ ይጫወታል። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 629 ደግሞ ድርጊቱን ያስቀጣል። ታዲያ ይህ ሰው ለማን ይናገራል? ለማንም! ክትባቱን «ተጋላጭ ነኝ» ላለ ብቻ እንስጥ ካልን እሱ መቼም አይከተብም። ስንቱ ደግሞ ሚስት አለው፤ ከሚስቱ ወደሚወለደው ሕፃን ይሄዳል። አዋቂ ሲያዝ አብዛኛውን ጊዜ ሰውነቱ ቫይረሱን ያስወግደዋል፤ ሲወለድ የተያዘ ሕፃን ግን ከአሥር ዘጠኙ ዕድሜ ልኩን ይዞት ይኖራል።

ስለዚህ የእኔ አቋም ቀላል ነው፦ አንጠይቅ። ክትባቱ ለሕፃናት መሰጠት የጀመረው በ1999 ዓ.ም በአምስት-በአንዱ ክትባት ነው። ከዚያ በፊት የተወለደ ሰው «በልጅነቴ አልተከተብኩም» ካለ በቂ ምክንያት ነው፤ ውሸትም የለበትም። ባልደረቦቼ፣ «ከማን ጋር ነህ?» የሚለው ጥያቄ ለመርፌው አያስፈልግም። (አዋቂ በአብዛኛው ከኪሱ ከፍሎ መከተቡም ሌላ ራስ ምታት ነው፤ ሌላ ቀን እመለስበታለሁ።)

አንተ ወንድሜ፣ መጀመሪያ የደም ምርመራ አድርግ። ነፃ ከሆንክ ሦስት መርፌ ነው፦ ዛሬ፣ ከወር በኋላ፣ በስድስተኛው ወር። ሰፈርህ ካስፈራህ ታክሲ ይዘህ አዲስ አበባ ግባ፤ ካርድህን ብቻ አትጣል። አንዱ ቀን ቢያልፍህም እንደገና ከአንድ አትጀምርም፣ ካቆምክበት ትቀጥላለህ። ቫይረሱ ከተገኘብህ ክትትል አለው፣ ለሚያስፈልገውም መድኃኒት አለ፤ የትዳር አጋርህም ትመርመር።